ጉዳዩ፦ እሽጉ እንዲነሳልን ስለ መጠየቅ

የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮምቦልቻ

ለክቡር አቶ አራጋው
የመቃሚያ ቤቶች እሸጋ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ደሴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? የሰማይ አምላክ ጤናዎን ይጠብቅልዎ፤ ደም ግፊትዎን ያስተካክልልዎ፤ በተለይ ደግሞ ሳንባዎን ጢስ ከሚባል ነገር ሁሉ ይሰውርልዎ። የቢሮዎ በር ከውስጥም ከውጭም በቀላሉ የሚከፈት፣ መስኮትዎም ሚስማር ያልተመታበት ይሆን ዘንድ ማታ ማታ ሳልጸልይ አልተኛም።

እኔ አስናቀች እባላለሁ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በታይፒስትነትና በጸሐፊነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ፣ በወንጌል አማኞች ጉባኤያችን የእኅቶችን የጸሎት ኅብረት የማስተባብር፣ ጫት በአፌ ዞሮ የማያውቅ የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። በስልክ ተዋውቀናል። ጥር 14 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከጎረቤቴ ከረሂማ ቤት ጢስ እየወጣ ስለሆነ በበሯ ላይ የለጠፉትን እሽግ እንድንቀድ ይፈቀድልን ብዬ ብጠይቅዎ፣ «ማመልከቻ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ነገ ጠዋት ይታያል» ብለው አዝዘውኝ ነበር። ትእዛዝዎን አክብሬ ማመልከቻዬን ይኸው አቅርቤያለሁ። በስድስት ሳምንት ስለ ዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ መሀል ላይ ቀብር ነበረብኝ።

ደብዳቤውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በመዝገብ ቤትዎ በኩል ብልከው ፋይል ተከፍቶለት፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ተመርቶና ተመልሶ እስኪደርስዎ የእኔም ቀብር እንዳይደርስ ፈርቼ ነው። እንዲመችዎም በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

፩ኛ/ የመጀመሪያው ምስጋናዬ ስለ ጫማዎቹ ነው።

እንደሚያውቁት የረሂማ ቤትና የእኔ ቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ የተያያዙ ናቸው። ረሂማ ባሏ ከሞተ ወዲህ የፊት ክፍሏን መቃሚያ አድርጋ ነበር የምትተዳደረው። ሰዎቹ ከዙሁር ሶላት በኋላ ገብተው፣ ሁለቱን መስኮቶች ከፍተው፣ በግድግዳው ዙሪያ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው ሲቅሙና ሲያወጉ ውለው ማታ ለመግሪብ ሶላት ይነሳሉ። ሐሙስ ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ዱዓ ያደርጋሉ። ለእውነት ከተመሰከረ፣ የእኛ መዘምራን ልምምድ የሚያሰማው ጩኸት ከእነሱ ይብሳል። ጫማቸውን ግን ከደጅ ነበር የሚያወልቁት፤ ከደረጃው ጀምሮ እስከ መንገዱ ድረስ በሰልፍ ይደረደራል። በሰፈራችን ማን እንደገባና ማን እንደወጣ የሚታወቀው በዚሁ ሰልፍ ነበር። ሚስት ባሏን ስትፈልግ በር አታንኳኳም፤ ጫማውን አይታ «አለ» ወይም «የለም» ብላ ትመለሳለች።

በዚያ ሰልፍ ውስጥ የቀኝ እግሩ ተረከዝ ያለቀ አንድ ቡናማ ጫማ ነበር። የወንድሜ የሉቃስ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ከባድ መኪና ሲነዳ፣ ተረከዙን መርገጫው ሥር ተክሎ ስለሚውል ሁልጊዜ የሚያልቀው ያ ነው። እናታችን ስትሞት እሱ ስድስት፣ እኔ አሥራ አምስት ዓመታችን ነበርና ያሳደግኩት እኔ ነኝ። በአንድ ጉባኤ አድገናል፤ በአንድ ቀን ተጠምቀናል። ስቆጣው «እትዬ፣ እስቲ የሚሌን በረሃ አንድ ሌሊት ብቻ ነቅተሽ ንጂልኝ፣ ከዚያ ትገሥጪኛለሽ» ይለኝ ነበር። መንዳት ስለማልችል ግሣጼዬን ቀጠልኩ።

ረቡዕ ረቡዕ መዘምራኑ በዚያ መንገድ ያልፋሉ። እኔ ቀደም ብዬ እወጣና ያንን ጫማ አንስቼ ከነጠላዬ ሥር ሸሽጌ ወደ ቤቴ እገባለሁ፤ ሲያልፉ መልሼ አኖረዋለሁ። አንድ ረቡዕ ዘገየሁ። እኅት ኑኃሚን፣ የጉባኤያችን ሽማግሌ ባለቤት፣ ቆም ብላ «ይኼ የሉቃስን ጫማ አይመስልም?» አለችኝ፤ በፍቅር ነው ያለችኝ፤ በፍቅር የተባለ ነገር ደግሞ እንዴት እንደሚያቃጥል በጉባኤ የኖረ ያውቀዋል። በዚያው ምሽት ቤቱ እንዲዘጋልን አቤቱታ ተየብኩ። አሥራ አራት ጎረቤት አስፈረምኩ። የመጀመሪያው መስመር «በመንገዳችን ላይ የሚደረደረው ጫማ ለትውልድ መጥፎ ምሳሌ በመሆኑ» ይላል። ከፈለጉ ፋይልዎን ይመልከቱ፤ አንዲት የፊደል ስሕተት አያገኙበትም።

የሰፈራችን ቱቦ ከተደፈነ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አቤት ብለን ብለን ተስፋ ቆርጠናል። ግብረ ኃይልዎ ግን በዘጠኝ ቀን ደረሰ። ፍጥነትዎን ሳላደንቅ አላልፍም። የፊቱን በር ከውጭ ቆለፋችሁ፣ በክፈፉ ላይ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ለጠፋችሁ፣ «ይህን እሽግ ያለ ፈቃድ የቀደደ በሕግ ይጠየቃል» የሚል ጻፋችሁበት። በማግስቱ ጫማዎቹ ጠፉ። እኔም የምስጋና ደብዳቤ ጻፍኩልዎ። ያኛው ከልቤ ነበር።

፪ኛ/ ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ሕግ ዕውቀትዎ ነው፤ እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ያልገባኝን በአንድ እሽግ አስረድተውኛልና።

ገበሬው ሐርቡ ላይ ማሽላውን ነቅሎ ጫት ቢተክል ወንጀል አይደለም። ቆርጦ አስሮ ቢጭነውም አይደለም። ኬላው ላይ ቀረጡን ሲከፍል ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ «መልካም መንገድ» ይባላል። ነጋዴዋ ገበያ ዳር ዘርግታ ብትሸጥ ማንም አይነካትም። ቅጠሉ ከሐርቡ እስከ ደሴ የተከበረ ዜጋ ነው። ወንጀል የሚሆነው ሰው ቁጭ ብሎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ሲቅመው ብቻ ነው። ቆሞ መቃም ይቻላል። እየነዱ መቃም፣ አርባ ቶን ጭነው ዳገት እየወረዱም ቢሆን፣ ይቻላል። በነጭ የመንግሥት መኪና የኋላ ወንበር ላይ መቃምም ይቻላል።

ይህን የመጨረሻውን ያነሳሁት ስለ ሌላ ሰው ነው እንጂ ስለ እርስዎ አይደለም። እርስዎ በየቀኑ ከምሳ በኋላ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣልዎ ናሙና ለምርመራ መሆኑን እኔ በበኩሌ ለሚያሙዎ ሁሉ አስረድቻለሁ። ምርመራው ይህን ያህል ዓመት መውሰዱ የሥራዎን ጥልቀት ያሳያል። ሊያሽጉ በመጡ ቀን ስለ ትውልድ መዳን ሲናገሩ ጥርስዎ ላይ ያየነው አረንጓዴም የዚያው የምርምር ትጋት ፍሬ መሆን አለበት።

እሽግዎ ጫቱን አላስቀረውም፤ ነገሩ አልሸሹም ዞር አሉ ሆነ። ሰዎቹ በረሂማ ማድ ቤት በኩል በጓሮ በር መግባት ጀመሩ። ሽታው እንዳይወጣ መስኮቶቹ በጣውላ ተመቱ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ተሰቀለበት። ተቆጣጣሪዎቻችሁ ሲመጡ ሰው የሌለ እንዲመስል ረሂማ የጓሮውን በር ከውጭ በጓጉንቸር ትቆልፍና ሄዳ ለመግሪብ ተመልሳ ትከፍትላቸዋለች። ጫማቸውንም በፌስታል ቋጥረው ይዘውት ይገቡ ጀመር። ያ ቤት ሁለት መስኮትና ሁለት በር ነበረው፤ እርስዎ ከተቆጣጠሩት በኋላ አንድም አልነበረውም።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። በአንድ ግድግዳ ተለይተሽ እየኖርሽ እንዴት አላወቅሽም ብለው ቢጠይቁኝ፣ አለማወቄን በጥንቃቄ ስጠብቀው ነበር የሚል ነው መልሴ። ጫማ አይታይም፤ ለእኔ በቂዬ ነበር።

፫ኛ/ ጥር 14 ቀን ረሂማ ሐርቡ ለቅሶ ልትደርስ ሄዳለች፤ የጓጉንቸሩ ቁልፍ በቦርሳዋ ውስጥ ነው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሰዎቹ ለሻይ ከሰል አያይዘው ነበር። ፍሙ ፍራሹ ላይ ወደቀ። ፍራሹ ስፖንጅ ነው፤ የስፖንጅ ጢስ ምን እንደሚያደርግ ሐኪሙ በኋላ ነግሮኛል፤ ለእርስዎ ግን ጤናዎን ብዬ አልነግርዎትም።

ጢሱ በቆርቆሮው ጠርዝ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው ሀይደር ነው። ከመንገዱ ማዶ ብየዳ የሚሠራ ጎረቤታችን ነው። ዲጅኖውን ይዞ እየሮጠ መጣና «እትዬ አስናቀች፣ ወላሂ ውስጥ ሰው አለ፤ ሲያስል በጆሮዬ ሰምቼ!» አለኝ።

አሁን ክቡርነትዎ የሚኮሩበትን ነገር ልንገርዎ። በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ። እጆቼን ዘርግቼ፣ ጀርባዬን ለእሽጉ ሰጥቼ፣ ሀይደርን ከለከልኩት። «የመንግሥት ማኅተም ነው፤ ሳይፈቀድ አይነካም» አልኩት። «ደግሞ ጫማ የለም፤ ጫማ ከሌለ ሰው የለም» አልኩት። የሰፈሩ ጥበቃም ደርሶ አገዘኝ፤ ማኅተሙ የደሴ እንጂ የኮምቦልቻ ስላልሆነ እሱም ሊያዝበት እንደማይችል አስረዳን። የስልክ ቁጥርዎን ከምስጋናው ደብዳቤ ጊዜ ጀምሮ ይዤው ነበርና ደወልኩልዎ።

ስልኩን ራስዎ አነሱት፤ ስለ ትሕትናዎ አመሰግናለሁ። ከኋላዎ የድምፅ ማጉያ ይሰማ ነበር፤ ፒያሳ በአንድ ሆቴል ስለ ሱስ አስከፊነት ዐውደ ጥናት ላይ እንደነበሩ በኋላ ሰማሁ። ጢስ እየወጣ ነው ብልዎ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «እሽጉ ተነክቷል?» የሚል ነበር።

«አልተነካም» አልኩዎ። በኩራት ነው ያልኩዎ፤ አሁን ሌሊት ሌሊት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ያ ኩራት ነው።

ከዚያ ሥርዓት እንዳለ፣ አንድ ሰው እየተነሳ እሽግ ቢቀድ ነገ ከተማው እንደማይገዛ፣ ማመልከቻ እንደሚያስፈልግ፣ ለማን ግልባጭ እንደሚደረግ ሳይቀር በሰፊው አብራሩልኝ። ስልኬ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ መዝግቦታል። እርስዎ ስለ ግልባጩ ሲነግሩኝ ጀርባዬ ላይ፣ በበሩ ጣውላ በኩል፣ ምት ተሰማኝ። ሦስት ጊዜ። የጣሪያው እንጨት እየወደቀ ነው ብዬ ስልኩን ወደ ጆሮዬ ይበልጥ አስጠጋሁ፤ ቃልዎ እንዳያመልጠኝ።

ሀይደር ድምፅዎን በስልኬ ሲሰማ «እናንተ ሥርዓታችሁን ጠብቁ» አለና ወደ ግቢዬ ገባ። የጓሮው በር በጢስ ስለታፈነ የጋራውን የጭቃ ግድግዳ በዲጅኖው ነድሎ አራት ሰው ጎትቶ አወጣ። አራቱም ዛሬ በሕይወት አሉ። አምስተኛውን ያገኘው በፊት በር ሥር ነው፤ ከእሽጉ በስተጀርባ፣ ማለትም ከእኔ ጀርባ በስተጀርባ። በደረቱ ላይ ፌስታል አቅፏል። ፌስታሉ ውስጥ የቀኝ እግሩ ተረከዝ ያለቀ ቡናማ ጫማ ነበር።

ማክሰኞ ሚሌ ሄድኩ ብሎኝ ነበር። መኪናው ተበላሽታ ጋራዥ ገብታ ነበርና አልሄደም፤ ግሣጼዬን ፈርቶ አልነገረኝም። በሰው መኪና አስተኝተነው ወደ ደሴ ስንወጣ ስሙን እየጠራሁ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ዓይኑን ጨፍኖ በሚያውቀው ዳገት ላይ፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ፣ መሪውን ሰው ይዞለት ዐረፈ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ወንድሜን ከጫት ላድነው ፈልጌ ነበር፤ አድኜዋለሁ፤ ከእንግዲህ አይቅምም።

፬ኛ/ በማግስቱ ግብረ ኃይልዎ በሁለት መኪና መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ አላዋቂዎች ነበሩ፤ እኔ ዝም አሰኘኋቸው። ፎቶ አነሳችሁ፣ ለካችሁ፣ ቃል ተቀበላችሁ። ሪፖርታችሁን አንብቤዋለሁ፤ የተየበችው ልጅ ሥራዋን ታውቃለች። ስለ ሉቃስ አንድ መስመር አለው፤ ስለ እሽጉ ሁለት ገጽ። «እሽጉ በነበረበት ሁኔታ ሳይነካ ተገኝቷል» ይላል።

ረሂማ ታስራለች። ስለ እሷ አላማልድም፤ ቁልፉን አዙራ የሄደችው እሷ ናት፤ እሷም ይህን ታውቃለች፤ እስር ቤት ምግብ ይዤላት ስሄድ ቀና ብላ አላየችኝም፤ እኔም አላየኋትም። ሀይደር ግን «በእሽግ ሥር የነበረን ንብረት አፍርሶ በመግባት» ተከሷል። አራት ሰው ያወጣበት ዲጅኖ በኤግዚቢትነት ተይዟል። መጋቢት 4 ቀን ችሎት ይቀርባል፤ ከተፈረደበት ሚስቱና ሦስት ልጆቹ የሚበሉት የላቸውም።

ለእኔ ደግሞ ሁለት ወረቀት ደረሰኝ። አንደኛው በሀይደር ላይ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኜ እንድቀርብ የሚጠራ ነው። ሁለተኛው የምስክር ወረቀት ነው፤ ከነመስታወቱ፣ ከነክፈፉ፤ «እሽግ በማስከበር አርአያ ለሆኑት ለወይዘሮ አስናቀች» ይላል። ማኅተሙ ያምራል። በዕድሜዬ ከመንግሥት የተሰጠኝ የመጀመሪያው ሽልማት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኙንም ወረቀቱንም ሆኜ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግያለሁና ሽልማቱ ቢያንሰኝ እንጂ አይበዛብኝም።

እንግዲህ ማመልከቻዬ ይህ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ዛሬም ጫት ባርነት ነው ብዬ አምናለሁ። የሐርቡ እርሻ ሁሉ ወደ ማሽላው ቢመለስ ደስታዬ ነው። ሰው ግን ይቅማል፤ እርስዎም ያውቁታል፤ ምርመራዎ አስረድቶዎታል። ስለዚህ ወይ ከእርሻው ጀምራችሁ፣ ኬላውን ዘግታችሁ፣ ቀረጡን ትታችሁ እንደ ወንድ ከልክሉት፤ አለዚያ ፈቃድ ስጡትና በዐይን የሚታይ አድርጉት። ቤቱ ስም ይኑረው። በሩ ከውስጥ ይከፈት። መስኮቱ ሚስማር አይመታበት። ከሃያ ዓመት በታች ያለ አይግባ። በዚያው ቀን መንገድ የሚወጣ ሹፌር ቁልፉን ሳያስረክብ አይቀመጥ፤ ይህን ለወንድሜ ብላችሁ አድርጉት፤ እንደ እሱ ያሉት ነቅተው ብቻ አይደለም የሚነዱት፣ ደክመውም ነው። ከመግሪብ በፊት ይዘጋ። ይህን ሁሉ ለማስታወስ ሥራ ከበዛብዎ ሌላውን ይርሱትና አንዷን ይያዙልኝ፦ ጫማው ከደጅ ይሁን።

ስለ ሀይደርም ክሱ እንዲነሳ አልጠይቅም፤ ሥርዓት አለና። እንዲዛወር ነው የምጠይቀው። ግድግዳ ያፈረሰው እሱ ነው፤ በር የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ በስልክ የዘጉት እርስዎ ነዎት። ለሦስታችን ከተካፈለ ለእሱ የሚደርሰው ምንም ያህል አይሆንም።

ጊዜዎን ስለ ወሰድኩ፣ ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ለምን እንደሚፈልጉት እያወቅሁ ይህን ያህል ስላስነበብኩዎ እጅግ አዝናለሁ። ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ መኪናዎ ዳገት ላይ አትቁምብዎ፤ በቸገርዎ ቀን የሚደውሉለት ሰው እንደ እርስዎ ያለ ሥርዓት ዐዋቂ ይሁንልዎ።

በማኅተምዎ ፊት ጀርባዬን ሰጥቼ የቆምኩ ትሑት አገልጋይዎ፣

አስናቀች
ጡረተኛ ታይፒስት

አባሪ፦
አንድ የምስክር ወረቀት፣ ከነክፈፉ፣ ተመላሽ።
አንድ እሽግ፣ ከተለጠፈበት ጣውላ ጋር፣ ያልተቀደደ።

ግልባጭ፦
ለሀይደር፣ እንዳይፈራ።
ለረሂማ፣ ባለችበት።
ለእኅት ኑኃሚን፣ «አዎ፣ የሉቃስ ነው» በሚል።
ለእርስዎ፣ እንደገና፤ የመጀመሪያው ከጠፋብዎ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ መጋቢት 4 ቀን በጠሩኝ መሠረት ለምስክርነት እቀርባለሁ፤ የአራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንዱን ጥሪ መዝገብ የያዘው ስልኬም አብሮኝ ይመጣል። ዘግየት ብለው ከደረሱ ጉዳዩ መሰማት መጀመሩን ማንንም ሳይጠይቁ ያውቁታል፤ ከችሎቱ ደጅ አንድ ቡናማ ጫማ አኖራለሁ፣ የቀኙ ተረከዝ ያለቀ። ያንን ካዩ በኋላ ውስጥ ሰው አለ ብሎ ለማመን ማመልከቻ አያስፈልግዎትም።